ሳጥን ውስጥ የሚጮኸው ስልክ

በግቢያችን ያለ በዓል በግ የታሰረው ያን ሰኔ ብቻ ነው። አባ ከሐራ ገበያ ገዝቶ፣ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭኖ መርሳ ድረስ አመጣውና ከማንጎው ሥር አሰረው። ረመዷን ገና ነበር፤ አረፋ ጭራሽ ሩቅ ነበር፤ ቤታችን የሚዳር ሰው አልነበረም። “ለማን ነው?” አልኩት። አባ፣ የማንጎ ነጋዴው ኢዘዲን፣ መልሱን በቀልድ ካልለወሰው የሚያመው ይመስል ነበር። ያን ቀን ግን ገመዱን ሁለት ጊዜ አጥብቆ ቋጠረና ፊቴን ሳያይ፣ “ለቲቸርሽ ነው” ብሎኝ ወደ ቤት ገባ።

አስር ዓመቴ ነበር። በጉን አየሁ፣ የሰሞኑን ነገር ሁሉ ደማመርኩና ቲቸሬን ሊያጠፏት ነው ብዬ ደመደምኩ። እዚህ ድምዳሜ ላይ እንዴት እንደደረስኩ በተራ ልናገር። ያኔ የታየኝን እንደታየኝ እናገራለሁ፤ ዛሬ የማውቀውንም ደብቄ አልይዝም።

ቲቸሬ አግነሽ ትባላለች። ትክክለኛ ስሟ አግኒየሽካ ነው፤ ከፖላንድ ነው የመጣችው። መርሳ ስሟን እንደሰማ “ካ”ን ቆርጦ ጣለና ከነባይነሽና ከነብዙነሽ ጋር ደባለቃት። ከተማው ዳር ባለችው ትንሽ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ያለ ደመወዝ ልታስተምር መምጣቷ ሲሰማ፣ ከሰፈሩ ግማሹ “ጻድቅ ናት” አለ፤ ግማሹ ደግሞ “አንድ ነገር ቢኖርባት ነው እንጂ” አለ። ትምህርት ቤቱን ሁላችንም ሚሲዮን ነው የምንለው። ከሲስተሮቹ በቀር አንድ ካቶሊክ አልነበረበትም፤ አብዛኞቻችን የእስላም ልጆች ነን፤ እርሳስና ደብተር ይሰጣል ተብሎ ነው የተላክነው። የሲስተሮቹ ቤት ጠባብ ስለነበር አግነሽ እኛ ግቢ፣ ከማንጎው ፊት ለፊት ያለችውን ሰርቪስ ቤት ተከራየች። ሁለት ዓመት አብራን ኖረች።

ቁመቷ የበሩን ጉበን ይነካል። ያልበሰለ ማንጎ በሚጥሚጣ ስትበላ ፊቷ ቲማቲም ይሆናል፣ ግን አታቆምም። የአባቴ አጎት ሼህ አማን የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁት፣ ሲሞት ዱዓ የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ያገኘቻቸው ቀን “አንተ ደህና ነህ?” አለቻቸው። እማ አፏን ያዘች። እሳቸው ግን እስኪያነቡ ስቀው፣ “ተያት ረሂማ፤ አላህንም ‘አንተ’ ነው የምንለው” አሏት።

ግድግዳዋ ላይ አንድ ፎቶ ነበራት። ነጭ ሜዳ ላይ ሦስት ሰዎች አሉ፦ ትንሽ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጦ በቀዳዳ ውስጥ ክር የሚሰድ ሽማግሌ፣ ከኋላው ፔርሙዝ የታቀፈች ሴት፣ ከጎኑ ጢሙ በረዶ የያዘ ጎረምሳ። አባቷ፣ እናቷና ወንድሟ ናቸው። ነጩ ሜዳ ውሃ ነው፤ ብርዱ አድርቆት ነው፤ አባቷ ዓሣ እያጠመደ ነው አለችን። ክፍሉ በሙሉ ሳቀባት። ሰው ውሃ ላይ ዱካ አስቀምጦ ይቀመጣል ብሎ የሚያምን ልጅ በመላው ሐብሩ ወረዳ አይገኝም።

በነዚያ ሁለት ዓመታት ግቢያችን ውስጥ ተደርጎ እኔ ያላየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። የመጀመሪያው ክረምት ግራና ከተማ አያቴ ዘንድ ሳለሁ የእማ ታላቅ ወንድም ጅዳ ላይ ሞተ። ስመለስ እማን ጥቁር ለብሳ አገኘኋት። አጎትሽ ሞተ ተባልኩ፤ ከዚያ በላይ የነገረኝ የለም፤ እኛ ዘንድ ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር አይተረክም። አግነሽ ግን ነበረች። በሌሊት ልብሷ ወጥታ ደጃፏ ላይ ቆማ ሁሉንም አየች። በኋላም የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ሲስተር ትርንጎ አስቀምጠው እያንዳንዷን ነገር አስረዷት። ይህን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

ነገሩ የጀመረው ሲስተር ትርንጎ እስከ ክፍላችን በር መጥተው ሳይገቡ የተመለሱ ቀን ነው። አግነሽ ፀጉሯ ጠመኔ ለብሶ ሰሌዳው ላይ ዝሆን ትስልልን ነበር፤ ዝሆኗ አህያ መስላ ክፍሉ በሳቅ ታመሰ። ሲስተር ደጃፉን ይዘው ቆሙ። ይቆጡናል ብለን ዝም አልን። አግነሽን ብቻ ሲያዩ ቆዩና ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጡ። ሲስተር ቤታችን መጥተው አያውቁም። እማን ጓዳ አስገብተው ምን እንዳሏት አልሰማሁም፤ እማ ስትወጣ ግን ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ አግነሽ ከትምህርት ቤት ስትመለስም ሰላምታዋን ሳትመልስላት ሮጣ ማጀት ገባች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አግነሽን ማብላት ሆነ። እማ ቁርስ ትልክላታለች፤ ምሳ ሲደርስ ጎረቤታችን ባይነሽ በሰኔ ጾሟ የሠራችውን ምስር ይዛ ትመጣለች፤ ማታ ደግሞ እማ እንደገና። አልፈልግም ማለት አይቻልም። “በሞቴ!” ይሏታል። “አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!” ሰው ሁሉ በገዛ ሞቱ እያስማለ ያጎርሳታል። እሷም ትስቅና ትበላለች። ጀርባዋን ስታዞር ግን ሳቁ ከፊታቸው እንደ ጨርቅ ይወልቃል። ባይነሽ አንድ ቀን ሰሃኑን እንደያዘች አጥራችን ጥግ ቆማ ስታለቅስ አየኋት።

ይህን ለጓደኛዬ ለሲቲ ነገርኳት። ሲቲ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፣ የማታውቀው ነገር የለም። “እኛ ቤት ሙክቱን እንዲህ ነው የምናደርገው” አለችኝ። “ያበሉታል፣ ያበሉታል፣ ከዚያ ቀኑ ይደርሳል።”

ቀጥሎ ስልኩ መጣ። ወንዳወቅ የሚባል የሒሳብ አስተማሪ ነበረን፤ ወጣት ነው፣ ከአግነሽ ጋር ይቀላለዳሉ። አንድ ቀን፣ “ወልዲያ ልወጣ ነው፤ ድምፁ ይቆራረጣል ስትዪ አልነበር? ስልክሽን ላሠራልሽ” አላት። አመስግና ሰጠችው። እሱ ግን ወልዲያ አልሄደም። በጓሮ በር ዞሮ መጥቶ፣ ከኮቱ ሥር አውጥቶ፣ ለእማ ሲሰጣት በዓይኔ በብረቱ አየሁት። እማ በሻሽ ጠቀለለችውና ከሙሽርነቷ ጊዜ የነበረው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ከልብሶቹ ሥር ቀበረችው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳጥኑ ይጮኻል። እማ ሳጥኑ ላይ ተቀምጣለች። እግሮቿን ገጥማ፣ ሁለት እጇን ጎንና ጎን አድርጋ፣ ክዳኑ ተነስቶ የሚያመልጥ ይመስል ተጭናዋለች። ስልኩ አንድ ደስ የሚል ሙዚቃ ነበረው፤ ከልብሱ ሥር ታፍኖ ሲመጣ የሚያለቅስ ሕፃን ይመስላል። ያቆምና እንደገና ይጀምራል። “ያ ረቢ፣ ያ ረቢ” ትላለች እማ፣ ለራሷ።

“እማ፣ የቲቸር ስልክ ነው።”

“ውጪ።”

“እየተጠራች ነው እኮ…”

“ውጪ አልኩሽ ኢክራም። ሂጂና በጎቹን እዪ።”

በጎች አልነበሩንም። ያ አንዱ በግ ራሱ ገና አልተገዛም። ወጥቼ ማንጎው ሥር ተቀመጥኩና እናቴ ሌባ ናት ብዬ አለቀስኩ።

ብዙ ዓመት ቆይቼ፣ ለምን እንዳላጠፋችው እማን ጠየቅኳት። “እንዴት አድርጌ?” አለችኝ። “ሰው እየተጣራ አፉን ይዘጉበታል?” ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ በደወለ ቁጥር እየሮጠች ሳጥኑ ላይ ትቀመጥ ነበር። የሚደውለው የአግነሽ ወንድም ነው።

አግነሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ወልዲያ ወጥታ ኢንተርኔት ቤት ትገባለች። ያን ቅዳሜ እንደ ልማዴ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ረዳቱ “ወልዲያ! ወልዲያ! ሁለት ሰው የጎደለ!” እያለ ሲጮህ እሷን አየና አፉን ዘጋ። “ሞልቷል” አላት። ውስጡን አየሁት፤ ከኋላ አንዲት ሴት ዶሮ ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ሌላው ባዶ ነው። ቀጣዩ ጎማው ተንፍሷል አለን፤ አልተነፈሰም። ሦስተኛው ከደሴ የመጣ ሚኒባስ ነበር፤ ሾፌሩ ሽማግሌ ነው፤ አግነሽን አይቶ መሪው ላይ አቀረቀረ፤ “ልጄ፣ ዛሬ መንገዱ ጥሩ አይደለም፤ ቤትሽ ግቢ” አላት። አባቴ በዋዜማው ሾፌሮቹን አንድ በአንድ እየዞረ አነጋግሯቸው ነበር።

ስንመለስ አግነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀችም። ገበያው መሀል ስናልፍ የሚያወራው ሰው ሁሉ ዝም ይላል፤ ካለፍን በኋላ ከኋላችን ከንፈር ሲመጠጥ ይሰማኛል። እጄን ያዘች።

“ኢክራም፣ ሰው ተቀየመኝ? የሠራሁት ጥፋት አለ?”

የማውቀው አንድ ጥፋት ነበር። ባለፈው ወር የትምህርት ቤቱን አጥር ዘላ የሼህ አማን ማንጎ ላይ ወጥታ ለክፍላችን በሙሉ ጥሬ አውርዳልናለች። ለማንጎ ሰው ይታሰራል? እንጃ። ገበያ ውስጥ ፍየል የሰረቀ ሰው ሁለት ጎልማሶች ግራና ቀኝ ይዘው ሲወስዱት አይቻለሁ። “የለም ቲቸር” አልኳት። ውሸት ስናገር እግሬን እንደማሽ ታውቃለች። እግሬን አይታ እርምጃዋን አፈጠነች።

ፈተና መጣ፤ ፈተና አለቀ። አግነሽ ወደ አገሯ የምትሄድበት ቀን ቀርቧል፤ ሻንጣዋ አልጋዋ ላይ ተከፍቷል። በጉ የተገዛው በዚህ መሀል ነው። እማና ባይነሽ ለሠርግ የሚበቃ ሽሮ አዘጋጁ። እኔ እንቅልፍ አጣሁ።

ፈተናው ባለቀ ማግስት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሳሎናችን ውስጥ ተሰበሰቡ። ሼህ አማን፣ ሲስተር ትርንጎ፣ አባ፣ እማ፣ ወንዳወቅ። እኔ በቆሎ ፈልፍዪ ተብዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጫለሁ። ትልልቅ ሰዎች ልጅ ፊት ለፊታቸው ካልቆመ አይሰማም ይላሉ።

“ከዚህ በላይ ማቆየት ወንጀል ነው” አሉ ሼህ አማን። “ነገ ጎህ ሲቀድ።”

“ብቻ ማታ በደንብ ትብላ” አሉ ሲስተር። “በባዶ ሆዷ እንዳይሆን።”

“እሱን ለእኔ ተዉልኝ” አለች እማ።

“የሚይዛት ማነው?” አለ አባ።

“አንተና ወንዳወቅ፣ ግራና ቀኝ። ጠበቅ አድርጋችሁ። ረጅም ናት፤ ከወደቀች አታነሷትም” አሉ ሼህ አማን።

“ብትሮጥስ?” አለ ወንዳወቅ።

“በሩ ላይ ሰው ይቆማል” አለው አባ።

“ቢላም፣ መቀስም፣ ምላጭም፣ ያለው ሁሉ ዛሬውኑ ከክፍሏ ይውጣ” አሉ ሲስተር። “ውሃ በባልዲ ይቀመጥ።”

ከዚያ አባ፣ “ማን ይጀምር?” አለ።

“እኔ እጀምራለሁ” አሉ ሼህ አማን። “ወላሂ፣ በዚህ እድሜዬ እንዲህ የከበደኝ ነገር የለም።”

ዛሬ ይህን የሚሰማ የአገሬ ሰው፣ ገና “ጎህ ሲቀድ” ሲባል መርዶ መሆኑን ያውቀዋል። ሞት እኛ ዘንድ በስልክ አይነገርም፣ በመንገድ አይነገርም፣ ሰው ብቻውን ሆኖ አይነገርም። በልቶ ያደረ ሰው ማለዳ ዘመድ ከብቦት፣ ራሱን እንዳይጎዳ ተይዞ ነው የሚረዳው። የእማ ወንድም የሞተ ጊዜ አግነሽ ያየችውም ይህንኑ ነው። የአግነሽ አባት ከፈተናው በፊት፣ ሲስተር ክፍላችን በር ላይ ለቆሙበት ዕለት አጥቢያ ነበር የሞቱት። ወንድሟ የእሷ ስልክ አልይዝ ቢለው ትምህርት ቤቱ ስልክ ላይ ደውሎ “ንገሩልኝ፤ ለቀብር ትድረስ” ብሎ ነበር። ሲስተር ሊነግሯት ክፍሉ ድረስ ሄደው ዝሆኗን አዩና አቃታቸው። ከዚያ ሽማግሌ ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ፣ መርዶ የሚነገረው ወገን ባለበት ነው፤ የአገሯ ሰው ይፈለግ አሉ። ደሴ ተጠየቀ፣ አዲስ አበባ ተጠየቀ፤ ፖላንዳዊ የተባለው ሁሉ ወይ እረፍት ላይ ነው ወይ አገሩ ገብቷል። ቀኑ ሄደ። በመጨረሻ ሼህ አማን፣ “ምን ወገን ትፈልጉላታላችሁ? ወገኖቿ እኛ ነን” አሉና ነገሩን ቆረጡት። ሲስተር ይህን የነገሩኝ ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። “ከመነኩሴነቴ በፊት የዚህ አገር ሰው ነኝ፣ ልጄ” አሉኝ።

እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። በቆሎውን በትኜ ሮጥኩ።

አግነሽ መሬት ላይ ተቀምጣ ፈተናችንን በቀይ እስክሪብቶ ታርም ነበር። በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት።

“ቲቸር፣ ነገ ጠዋት ሊይዙሽ ነው። ዛሬውኑ ሂጂ። በግራና በኩል በእግር ይወጣል፤ መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ።”

ሳቀች። “ማነው የሚይዘኝ?”

“አባና ወንዳወቅ። ግራና ቀኝ። ሰምቻቸዋለሁ።”

ፊቴን ስታይ ሳቋ እየቀነሰ መጣ። “ኢክራም፣ ነይ ተቀመጪ። ምን አሉ? ሁሉንም ንገሪኝ።”

ነገርኳት። ማታ በደንብ ትብላ አሉ፤ በባዶ ሆድ አይሆንም አሉ። ጎህ ሲቀድ አሉ። ቢላና ምላጭ ከክፍልሽ ይወጣል። ውሃ በባልዲ ይቀመጣል። ሼህ አማን ይጀምራሉ። እያንዳንዱን ስናገር ፊቷ ላይ አንድ ነገር ይጠፋል። እስክሪብቶው ከእጇ ወርዶ የሲቲ ፈተና ላይ ተንከባለለ።

“ስልክሽም እማ ሳጥን ውስጥ ነው” አልኩ። ይህን ስናገር አለቀስኩ፤ እናቴን ማሳጣቴ ነበርና። “ይጮህ ነበር። እማ ትቀመጥበታለች።”

“መቼ ጀምሮ?”

“ፈተና ሳይጀመር። አሁንስ አይጮህም፤ ሞቷል።”

ቀስ ብላ ቀና አለች። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አየች። መጀመሪያ ዱካ ላይ የተቀመጠውን ሽማግሌ አየች። ከዚያ ፔርሙዝ የታቀፈችውን ሴት። ከዚያ ጎረምሳውን። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። በቋንቋዋ አንድ ቃል ተናገረች፤ አልገባኝም። ዓይኖቿ ሦስቱ ላይ ሲመላለሱ አንድ በግ ጠፍቶበት መንጋውን የሚቆጥር እረኛ ይመስሉ ነበር፤ እኔ ደግሞ የትኛው መጥቶ እንደሚያድናት የምታስብ መሰለኝ።

ተነስታ ወደ በሩ ሄደች። እጇ መዝጊያውን ሲይዝ በሩ ከውጭ ተከፈተና እማ በትሪ ምግብ ይዛ ገባች። እኔን አየች፣ አግነሽን አየች። ምንም አልጠረጠረችም። “በሞቴ” አለች፣ “ዛሬ የማይተርፍ ነው።”

አግነሽ በእማ ፊት ለፊት ረጅም ሰዓት የቆመች መሰለኝ። አሁን ትጠይቃታለች ብዬ ጠበቅኩ። እማ እንጀራ ቆርሳ ጠቀለለች፤ ጉርሻውን አነሳች። አግነሽ ተቀመጠች። አፏን ከፈተች። ሁሉንም በላች፣ አንድ አላስተረፈችም። ለምን እንዳልጠየቀቻት ለብዙ ዓመት አልገባኝም ነበር።

ለፈጅር አዛን ሲባል ነቃሁ። በመስኮት አየሁ። ግቢያችን በነጭ ልብስ ተሞልቷል። ሼህ አማን ከፊት ናቸው፤ ሲስተር ከጎናቸው፤ ከኋላ ባይነሽና የሰፈሩ ሴቶች፤ አጥሩ ዳር መናኸሪያ ያየኋቸው ረዳቶች ሳይቀሩ ቆመዋል። በጉ ብቻ ይጮሃል። እኔ ትራሴን ነክሼ፣ በግራና መንገድ ሄዳለች፣ ክፍሉን ባዶ ያገኙታል ብዬ እጸልያለሁ።

ሳያንኳኩ በሩ ተከፈተ። አግነሽ ሙሉ ልብሷን ለብሳ ወጣች። ባይነሽ የሰጠቻትን ነጠላ አድርጋለች፤ ጥለቱን ወደ ላይ አዙራ፣ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው። ከኋላዋ ክፍሏ ተጠርጓል፤ አልጋው ወደ ግድግዳ ተገፍቶ ፍራሹ መሬት ላይ ተነጥፏል። ሕዝቡ ሁሉ በድንጋጤ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ። አባና ወንዳወቅ ግራና ቀኝ ሊይዟት መጥተው እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው።

“ማነው?” አለች። በአማርኛ፣ በጣም በዝግታ።

ሼህ አማን ያዘጋጁት ንግግር ነበራቸው። አልተናገሩትም። “አባትሽ ናቸው ልጄ” አሉ። “አባትሽ ወደማይቀረው ሄዱ።”

አልጮኸችም። ዓይኗን ጨፈነች፣ ራሷን ነቀነቀች። ሴቶቹ እሪታውን አቀለጡት፤ ወንዳወቅ ክንዷን እንደያዘ ትከሻዋ ላይ አለቀሰ፤ የምትደግፈው እሷ ነበረች። ነገሩ ያለቀ መሰለ። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች።

“መቼ?”

ለቅሶው ሁሉ በአንድ ጊዜ ቆመ። ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ ሰው አልነበረም፤ እኛ ዘንድ መርዶ ሲነገር ማን እንጂ መቼ የሚል የለም። ሲስተር ትርንጎ መሬት መሬት እያዩ፣ “ፈተና ከመጀመሩ በፊት ነው” አሉ። “ተቀብረዋል።”

የጮኸችው ያን ጊዜ ነው። እንዲያ ያለ ድምፅ ከሰው ሲወጣ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም፤ በጉ እንኳን ዝም አለ። ስትወድቅ አባና ወንዳወቅ ሁለቱም አብረዋት ወደቁ። “እደርስ ነበር” ትላለች፣ “እደርስ ነበር፣ እደርስ ነበር።” ከዚያ አማርኛው አልቆባት በራሷ ቋንቋ ቀጠለች። ሼህ አማን ከዘራቸውን ጥለው አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ። “ልጄ” ይሏታል፣ “ሰማይ ላይ፣ በአውሮፕላን፣ ማንም በማያውቅሽ ሰው መሀል ብቻሽን ታለቅሻለሽ ብለን ነው። ሌላ አይደለም። ወላሂ ሌላ አይደለም።” እሷ አትሰማቸውም። በጥፊ የተመታ ልጅ ይመስሉ ነበር፣ እኚያ አገር የሚያስታርቁ ሰውዬ።

ድንኳን ተተከለ። በጉ ታረደ፤ ለጿሚዎቹ ምስርና ሽሮ ቀረበ። መርሳ ሰልፍ ይዞ ገባ፤ ግራና ድረስ ያለ ሰው በረዶ ላይ ዓሣ ለሚያጠምድ ለማያውቀው ሽማግሌ አለቀሰ። ፎቶውን ከግድግዳዋ አውርደው ድንኳኑ መሀል ሰቀሉት፤ ሰው ሁሉ ውሃው ላይ ያለውን ዱካ ያያል፣ ማንም አልሳቀም። እማ ስልኩን በሻሽ እንደተጠቀለለ አምጥታ እግሯ ሥር አስቀመጠችው። አግነሽ አነሳችው እንጂ እማን አላየቻትም። እማን ቀና ብላ ያየቻት በሦስተኛው ቀን ነው።

እኔ ደግሞ ኩራቴ ለጉድ ነበር። ያዟት፣ አስጮኋት፣ ግን አልገደሏትም፤ ይህ የሆነው ቀድሜ ስላስጠነቀቅኳት ነው ብዬ አምኜ ነበር። ለሲቲም እንዲሁ ነገርኳት። አግነሽ የሄደች ቀን መናኸሪያው በሰው ተሞልቶ ሳለ ጎንበስ ብላ፣ “ያን ማታ ጥሩ አድርገሽ ነገርሽኝ” አለችኝ። ድምዳሜዬ በምስክር ጸደቀ። ሼህ አማን ሊመርቋት እጃቸውን ሲያነሱ ያዘቻቸውና ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል፣ “አንቱ አብረውኝ መሬት ላይ ተቀመጡ” አለቻቸው። “ቀብሩንም አስቀሩብኝ። ሁለቱንም አልረሳም።” እሳቸው “አሚን” አሉ።

አሁን የምኖረው ወልዲያ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አስተምራለሁ። እማና አባ መርሳ ቀሩ፤ እሷ ደም ግፊቷን፣ እሱ ልቡን እያስታመሙ። ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ አብራኝ የምታስተምረው ናጅዋ “ካርዴ አልቋል፣ ስልክሽን አውሺኝ” ብላ ወሰደችና አልመለሰችም። የክፍሉ ኃላፊ አንዳርጋቸው ሳልጠይቀው፣ “ነገ ክፍልሽን እኔ እገባልሻለሁ” አለኝ። ምሳ ላይ ናጅዋ ጥብስ አዘዘች፤ ደመወዝ ሳይወጣ፣ በወሩ መጨረሻ። ጠቀለለችና እጇን ዘረጋች።

“በሞቴ” አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። ጉርሻውን እያኘክኩ ሳለሁ እማም አባም ደህና ነበሩ። እሷ ሳጥኗ ላይ ተቀምጣለች፤ እሱ ማንጎ ሥር ሆኖ ደላላ ላይ ይቀልዳል። አግነሽ ያን ማታ ለምን እንዳልጠየቀች ያን ጊዜ ገባኝ። በጣም በዝግታ አኘክኩ። መዋጥ ግን አይቀርምና ዋጥኩ።

“ናጅዋ፣ ዐስር ሳይሰገድ እደርሳለሁ?”

ፊቷ ላይ ያለው ሳቅ ወለቀ። አንዳርጋቸውን አየችው፤ እሱ ጠረጴዛውን ያያል። “ነገ ጠዋት ነበር እኮ…” አለች፣ “ሰው ተጠርቶ፣ ሁሉም ተዘጋጅቶ…” ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ስልኬን አወጣች። “ትደርሻለሽ። ቀብሩ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው ብለዋል።”

መኪና ለመነን ወጣን። ናጅዋ እጄን ይዛ አጠገቤ ተቀምጣ ታለቅሳለች። መንገዱን በሙሉ በመስኮት ስመለከት ነበር። ማን እንደሆነ ግን መርሳ እስክንደርስ አልጠየቅኳትም።